መሬት ላይ ላልቶ፣ አየር ላይ ጠብቆ ስለተገኘው ቀበቶ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎና ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከአስፋልት ወርዳ የማታውቀው የቢሮዎ መኪና እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከድልድዩ ማዶ ባለው ኮረኮንች መንገድ ሰውና ዕቃ የማመላልስ፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት የአንዲት አሮጌ መኪና ባለቤት ስሆን፣ ጤናዬ ደህና ነው፤ እንቅልፌ ግን ከግቢያችሁ ከተመለስኩ ወዲህ ጠፍቷል። ምክንያቱም ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ወሯ ገብቶ በሚቀጥለው ክፍል ወገቧን ይዛ ስትንጎራደድ፣ ወደ ሐኪም ቤት የምታወርዳት ብቸኛ መኪና ሰሌዳዋ ተፈትቶ ደጄ ላይ ቆማለች።

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳይባልብኝ እየፈራሁ፣ ክርክር ያስነሣውን ዕቃ ላስታውስዎ። የመኪናዋ አካል ከሚያርፍበት ብረት፣ ከሻሲው፣ ወርዶ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዘውን አክሰል የሚይዝ፣ በቀኝም በግራም አንድ አንድ የታሰረ ወፍራም የሸራ ቀበቶ ነው። በእኛ መንገድ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል አክሰሉ በክብደቱ ቁልቁል ይሄዳል፤ ከልኩ ካለፈ የጎማውን ዝላይ የሚያበርደውን አሞርዛተር ይነቅላል፣ የፍሬኑን ቱቦ ይበጥሳል። "እስከዚህ ድረስ ነው" የሚለው ቀበቶው ነው። ባለፈው ክረምት፣ ቀበቶ ሳይኖረኝ፣ የጎረቤቴን አባት ይዤ ስወርድ ቱቦው ተበጥሶ፣ ፍሬኑን ብረግጠው እግሬ ወለል ድረስ ወረደ፤ ያዳነን አንድ የአፈር ቁልል ነው። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚሉኝ ከሩቅ ሆነው ነው።

ስለዚህ መካኒክ የሆነው አማቼ፣ የልጄ ባል፣ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ፣ ጎማውን አንጠልጥሎ፣ አሞርዛተሩ ተስቦ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እንዲወጠር አድርጎ ቀበቶውን ለክቶ አሰረልኝ። መኪናዋ መሬት ላይ ስትቆም ይላላል፤ ጎማዋ ሲንጠለጠል ይወጠራል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሁን ቅሬታዬን ከምስጋናዬ ጋር ደባልቄ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ) መኪናዋን ወለል ላይ የሚያዩት ባለመነጽሩ መርማሪዎ ጎንበስ ቢሉ ቀበቶው ተንዘላዝሎ ስላገኙት፣ "ይቺ መኪና ታማለች እንዴ፣ ምነው በፋሻ ጠመጠማችኋት?" ብለው ግቢውን ካሳቁ በኋላ፣ "ላልቷል፣ ይጥበቅ" ሲሉ ወሰኑ። ቀልዳቸው ጥሩ ነበር፤ እኔም ሰው ባለሥልጣን ፊት እንደሚስቀው ስቄአለሁ። ቀበቶውን አስጠብቄ ስመለስ ጎማው መውረድ ስለተከለከለ፣ መኪናዋ እንደ ፍየል እየዘለለች ነበር የደረሰችው።

፪ኛ) ከግድግዳው ወዲያ፣ መኪና በማንሻ ሰቅለው የሚያዩት ወፍራሙ መርማሪዎ ደግሞ "ጎማውን አስረኸዋል እኮ ሰውዬ፣ በል ፍታው" አሉኝ፤ ልክ ነበሩ። ወደ አማቼ ልክ መለስኩት። እርሳቸው ግን እንደገና ሰቅለው ሲያዩት ተወጥሯልና "አሁንም ጠብቋል" አሉ፤ ባለመነጽሩ ዘንድ ስወስደው መሬት ላይ ነውና "አሁንም ላልቷል" ተባልኩ። ከሁለት አንዳቸው አንገታቸውን ብቅ አድርገው ባልደረባቸው የሚያየውን ቢያዩ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ይሁንና አንዱ የሌላውን ክፍል አለመርገጡ የቆየ የግቢያችሁ ወግ መሆኑን የበር ጥበቃው አስረድቶኛል፤ "ሥራ መከባበር ነው" ነው ያለኝ። ለዚህ ታላቅ መከባበር ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ።

፫ኛ) ጉዳዩ ወደ እርስዎ ሲቀርብ ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ መስኮቱንም ሳይከፍቱ፣ "አከራካሪ ዕቃ ነው፤ ይወገድ" በማለት ሁለቱን ባለሙያዎች ስላስታረቁ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚያ ቀን አንዱ ይዞ ሌላው በቢላ ሲቆርጥ ሳይ፣ መተባበርም ያውቁበታል ለካ ብያለሁ። አባቶቻችን "ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ቢሉም፣ እናንተ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ገላገላችሁኝ።

፬ኛ) ሻሲው ላይ የቀረው ቁራጭ ተፈትቶ መኪናዋ እንደገና እስክትታይ ሰሌዳው እናንተ ዘንድ ይቆይ ተብሎ፣ እስከ ቤቴ ብቻ የምታደርስ ወረቀት ተሰጠኝ፤ ቀጠሮዬም ለወዲያኛው ወር ሆነ። ስለ ልጄ ብነግራቸው ጸሐፊዎ "እስከ ድልድዩ ቀስ እያለች በእግሯ ትውረዳ፣ መንቀሳቀስ ለምጥ ጥሩ ነው" ሲሉ መክረውኛል። ምክሩን ለባለቤቴ ሳደርሳት የመለሰችልኝን በጨዋ ደብዳቤ ላይ ማስፈር አይቻልም። ልጄንም፣ ሕፃኑን ለምና እስከ ቀጠሮው እንድታቆየው ጠይቄአት ነበር፤ ሕፃኑ ከመሥሪያ ቤታችሁ ጋር ገና ስላልተዋወቀ እሺ አላለም።

ይህን እየጻፍኩ ደጋግሜ ተነሥቻለሁ። ስታቃስት የሰማሁ መስሎኝ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ፤ "አባዬ፣ ገና ነው፣ አረፍ በል" አለችኝ። ከዚያ ወጥቼ ጎማዎቹን ነካክቼ ተመለስኩ፤ ምን እንደምፈልግባቸው እኔም አላውቅም።

ክቡር ኃላፊ፣ ቀልዱን ለአፍታ ልተወውና፣ እፈራለሁ። የትኛው ጉድጓድ ላይ የኋላ ግራ ጎማዬ አየር ላይ እንደሚቀር ዓይኔን ጨፍኜ እነግርዎታለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ልጄ ከኋላዬ ተኝታ፣ እግሬ የማይዝ ፍሬን ሲረግጥ እየታየኝ እባንናለሁ።

ስለሆነም የሚከተለውን በትሕትና አሳውቃለሁ። አማቼ ዛሬ ጠዋት አዲስ ቀበቶ በቀኝም በግራም አስሯል፤ መሬት ላይ ይላላል፣ አየር ላይ ይጠብቃል። ምጡ ሲጀምራት፣ ሰሌዳ ኖረም አልኖረም፣ እንወርዳለን። ድልድዩ ላይ የቆሙት ተቆጣጣሪዎችዎ መኪናዋን ያለ ሰሌዳ ለመለየት ቢቸገሩ፣ ከውስጥ በሚሰማው ጩኸት ያውቋታል። እናስቁማት ካሉም ይቻላል፤ ፍሬኗ በደንብ ይይዛል።

ከወንበርዎ የሚያስነሣ አንዳች ችግር እንዳይደርስብዎ እየተመኘሁ፣ በወለሉና በማንሻው መካከል ሲመላለስ ጫማው ያለቀ፣ ለአክብሮቱ ግን ወሰን የሌለው፣

የአሮጌዋ መኪና ባለቤት
(ሰሞኑን አያት)

ድኅረ ጽሑፍ፦ በራችሁ ላይ የታሰረው ውሻ ሲተኛ ገመዱ ይላላል፤ እኔን አይቶ ሲዘል ይወጠርና ሱሪዬ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ያስቆመዋል። ከዚህ የምረዳው በግቢያችሁ ውስጥ ልክ የሚያውቅ አንድ ሰው መኖሩን ነው፤ ሰውየው ማን እንደሆነ ተጣርቶ እስኪታወቅ ድረስ ውሻው ወደ ምርመራ ክፍል ቢዛወር መልካም ነው እላለሁ። ገመዱን ግን አደራ እንዳያስቆርጡት፤ ሰሌዳዬን ለመውሰድ መምጣቴ አይቀርም።