የምሕረት ልደትና የአንተ ሙት ዓመት

ውዴ ማርቆስ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ሞላ። እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ ተናድጄብሃለሁ። ዓመቱን ሙሉ ስንት ቀን እያለ በልጃችን ልደት ዕለት ሞትክ። ምርጫ እንዳልነበረህ አውቃለሁ፤ ንዴቴ ግን ይህን አይሰማም።

ቤቱ ደኅና ነው። ሳሎኑን ቀለም አስቀባሁት፤ የተከልከው አቮካዶ ማፍራት ጀምሯል። ምሕረት ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ እናትህን ቁርጥ ናት።

በምታስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ በሚኒ ሚዲያው ታሪክ ታወራ ነበር። በዛሬዋ ዕለት አንድ ንጉሥ ዘውድ ጫነ፣ ጦርነት ተነሣ፣ ዝነኛ ሯጭ ተወለደ ትልና፣ መጨረሻ ላይ በዚያው ቀን የተወለደች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስም ትጠራለህ። ርእሰ መምህሩ ቀልድ አበዛህ ብለው ሲቆጡህ፣ ቀን የማንም ርስት አይደለም አልካቸው። እራት ላይ ስትነግረኝ ስንት ሳቅን።

ይህን ለእህትህ አልነገርካቸውም መሰለኝ። እትዬ ታደለች በየዓመቱ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ያስተክላሉ፤ መዘምራን ይመጣሉ። ምሕረትን ጥቁር አልብሰው ከፊት ያስቀምጧታል፤ ሰው ሁሉ ራሷን እየዳበሰ ምስኪን ይላታል። ዳቦ ልድፋላት ስል፣ በአባቷ ሙት ዓመት ሻማ ልታበሪ ነው ወይ፣ ሰው ምን ይላል አሉኝ። ዳቦውን ተውኩት። ዘንድሮ ግን በዋዜማው ልጅህ መጥታ፣ ልደቷን ወደ ሌላ ቀን ማዞር ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አንተ የሞትከው እሷ በዚያ ቀን ስለተወለደች መስሏታል።

በነጋታው ድንኳኑ ተጭኖ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ መለስኩት። እትዬ ታደለች ሰው ፊት ጮኹብኝ፤ ወንድሜን ሳይውል ሳያድር ረሳሽው አሉ። አልረሳሁትም፣ ልጁን ግን አልቀብርለትም አልኳቸው። ምሕረትን ቢጫ ቀሚሷን አልብሼ ሐይቅ ዳር ወሰድኳት። ዓሣ በላን፤ ሻማዋን ነፋሱ እያጠፋብን ደጋግመን ለኮስነው። እህትህ እስካሁን አያናግሩኝም። ጎረቤቶቹም ያሙኛል፤ ይሙኝ።

ማርቆስ፣ አልረሳህም። ሻይ ስቀዳ፣ በትምህርት ቤትህ በር ሳልፍ፣ ሳኮርፍ እንኳ አስታውስሃለሁ፤ እስክሞት ቃሌ ነው። በዚያች ቀን ግን መጀመሪያ እሷ ናት። አንተ ተራህን ጠብቅ፤ ከእንግዲህ የሚያስቸኩልህ የለም።

ሚስትህ ሣራ