ያለ እሳት የተሰናዳ ስንቅ

ይፍሩ፣ የኔ ጌታ፣

አፈር ከለበስክ ዓመት ሊሞላህ ነው፤ ከነገ ወዲያ ሙት ዓመትህ ነው። እንደምን አለህ አልልህም፣ ያለህበትን እሱ ያውቃል። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። የምነግረው ሰው ባጣ ላንተው ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ቤቱ እንደተውከው ነው፤ ልጅህ ታደለ ግን የለም። ካረፍክ ወዲህ አፈሳው ባሰ። እዚህ አንኮበር ድምፁ የጎረነነ ልጅ መንገድ ላይ ከተገኘ ወደ ጦር ሜዳ ነው። ታደለን ጓዳ ደብቄው ከረምኩ። በሮቹን የሠራህለት የአሊዩ አምባው ወዳጅህ እድሪስ፣ ልጁ እኔ ጋ ይድረስ እንጂ በቆላው አሻግረዋለሁ ብሎ ላከብኝ። መንገዱ የብዙ ቀን ነው፣ እሳት አይነድበትም፤ የሚያዘልቅ ስንቅ ያስፈልገው ነበር።

በሶ አሰናጂለት እንዳትለኝ። ገብስ ከተቆላ ሽታው መንደሩን ያዳርሳል፤ በሶ ያሰናዳ ቤት መንገደኛ እንዳለበት ደግሞ ማን ያጣዋል? በደህና ይግባ ለማለት እንኳ ማነው የሚሄደው ብለው ይጠይቃሉ። ወዲያው ለሙት ዓመትህ ጠላ ያበቀልኩት ገብስ ትዝ አለኝ። ብቅል ቢሰጣ ማን ይጠረጥራል? በርበሬዬ በጭጋጉ እየሻገተ ስነጫነጭ የሠራህልኝን ባለመስታወት ማድረቂያ ሳጥን አወጣሁ።

ሹፌሩ ወንድምህ ከአሰብ ሲመለስ ኮኮናት የሚሉትን ፍሬ ጥሎልን ሄዶ ነበር። የወደቡ ተሸካሚዎች ጥሬውን በልተው ቀኑን ሙሉ ይውሉበታል አለኝ። አከፋፈቱን የት አውቄ! በመጥረቢያ ስመታው ውሃው ፊቴ ላይ ተረጨ። ታደለ ሳቁ እንዳይሰማ አፉን በጋቢ አፈነ። ካንተ ሞት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የበቀለውን ገብስ እርጥቡን ወቅጬ ከተፈቀፈቀው ኮኮናት ጋር በውሃ ለወስኩት። ወፍራም ነበርና ሳይደርቅ ኮመጠጠ፤ አንጀቴ እያረረ ደፋሁት። ሁለተኛውን ውሃውን ትቼ በማር ለወስኩና እንደ ቂጣ አሳስቼ ዘረጋሁት። በዚህ ብቅሉ አለቀ፤ ሌላ ላብቅል ብል ቀኑ አልበቃኝም። መስታወቱን ጭጋግ ያለብሰዋል፣ እጠርገዋለሁ፤ ፀሐይ ስትወጣ ሳጥኑን ተሸክሜ እከተላታለሁ። ያየኝ ሁሉ አበደች ሳይለኝ አልቀረም።

ገና እርጥበቱ ሳይለቀው፣ በገበያው ቀን ጠዋት፣ የቀበሌው ጥበቃ ማሞ ሳይጣራ ገባ። ታደለ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ማሞ ሳጥኑን ከፈተ። የሙት ዓመት ብቅል ነው አልኩት። ቆርሶ አፉ ውስጥ ጨመረ። ብቅል በማር እንደማይለወስ እሱም የጠላ ቤት ልጅ ነው፣ ያውቃል። አላመጠ፣ አላመጠ። ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ “እትዬ፣ ብቅልዎ ይጣፍጣል። ነገ ቤት ለቤት ፍተሻ አለ፤ በርዎን ክፍት ያድርጉት” ብሎ ወጣ።

ማዘኑ ይሁን ማስፈራራቱ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለማሰብም ፋታ አልነበረኝም። ስንቁን እንደረጠበ በጨርቅ ጠቅልዬ ለታደለ ሰጠሁትና፣ ቆላ እንደደረስክ ፀሐይ ላይ አስጣው፣ አለዚያ ይበላሽብሃል አልኩት። አህያ ከሚነዱት ገበያተኞች መሀል ገብቶ ቁልቁል ወረደ። ሰው እንዳይነቃብኝ ደጃፍ ድረስ እንኳ አልሸኘሁትም።

በማግስቱ ፈተሹ፤ ምንም አላገኙም። ከእድሪስ እስካሁን ወሬ የለም። ጥርጊያው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ከነገ ወዲያ ሰው ይሰበሰባል፣ ጠላ የለም። ባሏን በዓመቱ ረሳችው ይሉኛል። ልጁስ አባቱን አያስብም ወይ ይላሉ። የድግስህን እህል ልጅህ ስንቅ አድርጎት እንደሄደ አንተ ብቻ እወቅልኝ።

አልረሳሁህም፤ ነፍሴ እስክትወጣ አልረሳህም። ታደለ አንተ ዘንድ መጥቶ እንደሆነ ግን፣ አደራህን፣ በሕልሜ እንኳ እንዳትነግረኝ።

ያንተው አስካለ