ወደ ኋላ የመለስኩት ሰዓት

ይድረስ ለምወድሽና ለማበሽቅሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እግርሽ ማበጡን ተወ? ወገብሽስ? ሆድሽ ካንቺ ቀድሞ በር መግባት ጀመረ ወይስ ገና ነው? እማዬስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷን እያሸችም ቢሆን እኔን ትረግማለች? ባልሽ ጭምቱ እኔ ከሄድኩ ወዲህ ስንት ቃል ተናገረ? ሦስት ከሞላ ደግሱለት። እኔ አለሁ። የሚጎድለኝ ብዙ ነው፤ የተረፈኝ ናፍቆት ብቻ ነው።

ለመውለጃሽ እደርሳለሁ ብዬሽ ነበር። አልደርስም። ቀልድ አይደለም። እኔ እሳት ተነሳ ብዬ ብጮህ እንኳ ውሃ የሚያነሳ ሰው እንደሌለ ስለማውቅ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

እዚህ መሥሪያ ቤት የገባሁት ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ነው። ጣቴን የማላስገባበት ስለሌለ አለቃችን፣ እኔ ወይዘሮ ጥንቃቄ የምላት፣ ከምትነካካ ተማር ብላ ኮምፒውተር ማሽን ላይ አስቀመጠችኝ። የምንሠራው ምስጢር የሚቆልፍ ፕሮግራም ነው፤ ሰው የላከውን መልእክት ከተላከለት በቀር ማንም እንዳያነበው የሚያደርግ። የሚገርምሽ፣ የቁልፉ አሠራር ምስጢር አይደለም፤ የጻፉት ሰዎች ኮዱን፣ ማለት ፕሮግራሙ የተጻፈበትን መመሪያ፣ ዓለም እንዲያየው ሜዳ ላይ አስጥተውታል። እኛ ኮዱን አውርደን ራሳችን እንገነባዋለን፤ የተሰፋ ልብስ ከመግዛት ጨርቁንና ልኩን ይዞ ራስ እንደመስፋት በይው። ከዚያ ፍተሻ ነው። አንቺ ስፌቱን ገልብጠሽ እንደምትጎትቺው፣ እኛም የተበላሸ ቁልፍና የተነካካ መልእክት እየሰጠን ልናታልለው እንሞክራለን። ከስምንተኛ ክፍል ከትምህርት ቤት ጋር በስምምነት የተለያየሁት እኔ፣ በማታለል እንጀራዬን እበላለሁ ብል ማን ያምነኛል!

የሙከራ ጊዜዬ በዚህ ወር አልቆ ቋሚ ስሆን ፈቃድ አገኛለሁ፣ ፈቃድ ሳገኝ እመጣለሁ፤ ስሌቱ ይሄ ነበር።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። ክፍሌ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና የጎረቤት ሳል የሚያሳልፍ ግድግዳ ናት። ሳሉን ከመልመዴ የተነሳ የዘገየ ቀን እጨነቃለሁ። መሥሪያ ቤትም ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ ስክሪኑ ላይ ያፈጣል፤ ቀልዴ አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ቀን የምፈትሽበትን ማሽን ሰዓት አምስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት፤ የእናንተን ሰዓት እንዲያሳየኝ ብዬ። እኔ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳዬን ሳኝክ የስክሪኑ ጥግ አንድ ሰዓት ጠዋት ይላል። አሁን ሱቋን ከፈተች፣ አሁን መርፌ ጠፋት፣ አሁን በጠፋው መርፌ ጭምቱን ተቆጣች እላለሁ። ማሽኑ ለጥንቃቄ ከኢንተርኔት የተነጠለ ስለሆነ ሰዓቱን የሚያርምበት አልነበረም። ወር ሙሉ ማንም አላወቀብኝም።

ባለፈው ሰኞ የምስክር ወረቀት ፈተናው እኔ ጋ ደረሰ፤ ወረቀት ስልሽ፣ ላኪው ሐሰተኛ አለመሆኑን የሚመሰክርና ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚሠራ የተጻፈበት የኮምፒውተር መታወቂያ ነው። ፕሮግራሙ ወረቀቱ ሐሰተኛ ወይም ጊዜው ያልደረሰ እንደሆነ ለይቶ መጣል አለበት። ጠዋት ደህናውንም ወረቀት ጣለው፣ ከሰዓት በኋላ ተቀበለው። ማክሰኞም እንደዚያው። አለቃዬ ኮዱን መስመር በመስመር ስትበረብር ውላ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያመው ፕሮግራም አይቼ አላውቅም አለች። ቁርስ ሳይበላ ይሆናላ አልኩ። የሳቀ የለም።

ረቡዕ አጠገቤ የሚቀመጠው ሎጋው ጎንበስ ብሎ የስክሪኔን ጥግ አየና፣ ይሄ ደግሞ የየት አገር ሰዓት ነው አለ። ያኔ በራልን። ወረቀቶቹን በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሚያዘጋጀው የአለቃዬ ማሽን ነው። የእኔው ግን ገና ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ይሄ ወረቀት ገና አልተወለደም እያለ ይጥለዋል፤ ስምንት ሰዓት ላይ የእኔው ሦስት ሲል ይቀበለዋል። ፕሮግራሙ ምንም አላጠፋም። አጥፊው እኔ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የሎጋውን ማውስ ከሥሩ በወረቀት የደፈንኩት እኔ ነኝና ምን ይፈረድባቸዋል? አለቃዬ፣ ቀልድህ ነው ወይ አለችኝ። እታለም ሙች፣ ሰው ፊት ከማልቀስ መባረር ቀለለኝና አዎ አልኩ። እንግዲያው ዕቃህን ሰብስብ አለች። ጃኬቴን ይዤ በሩ ጋ ስደርስ አፌ አላስችል አለው፤ እህቴ ሱቋን ስትከፍት ለማየት ነው አልኩ። ሎጋው ጆሮው ላይ የሰካውን አወለቀ። አለቃዬ ወንበሬን ወደ እኔ ገፋችና፣ ሦስት ቀኔን በልተህብኛል፤ ሙከራህ ሁለት ወር ይራዘማል፤ አሁን ሰዓቱን አስተካክልና ፈትሽ አለች።

አስተካከልኩት። አንድም ሳይቀር አለፈ። ሁለቱ ወር ግን ያንቺን ቀን ይዞት ያልፋል። እናንተን ለማየት ብዬ የሠራሁት ሥራ እናንተን ከማየት አስቀረኝ፤ ሳቂብኝ፣ በሌላ ሰው ቢደርስ እኔም እስቅ ነበር።

እማዬን ሁለቱንም ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ እርግማኗን ለሁለት ወር ታቆየው። አጠገብሽ ልብስ የምትተኩሰዋን ልጅ፣ ሸሚዝ አቃጥላ በእኔ ማላከክ እንደማይቻል ንገሪልኝ፣ እኔ የለሁማ። ጭምቱን አንድ ነገር ለምኚልኝ። ምጡ አልቆ ልጁ ሲያለቅስ፣ ከመደሰቱ በፊት ሰዓት ይይ። በእናንተው ሰዓት ይጻፍልኝ፣ አምስቱን እኔ እደምራለሁ። አጎት በሆንኩበት ደቂቃ እዚህ ብቻዬን ምን እያደረግኩ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።

ወንድምሽ፣
ከሰው አገር፣ ከተከራየሁት ክፍል፤
ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን።