በጨው ሊጥ ላይ የቀረች እጅ፦ የእማማ ቆርኪ የሕይወት ታሪክ

ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላልና ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ናት። በአንድ አልጋ አብራቸው ተኝታ፣ የጠበባቸውን ጫማ እየወረሰች ያደገች ናት። ያጋነነችው ቢኖር እህትነቷ ነው፤ የደበቀችው ግን የለም።

የሰፈሩ ልጆች እማማ ቆርኪ የሚሏቸው እኚህ እናት፣ ከምድጃ ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ክፍል ጥር 3 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ በዝምታም የሚስተካከላቸው አልነበረም። አባታቸው ወገባቸውን ሲታመሙ ግን ደብተራቸውን ለታናሽ እህታቸው አስረክበው በአሥራ አምስት ዓመታቸው ሊጥ ሊያቦኩ ዳቦ ቤት ገቡ። በዚያም አርባ ዓመት ሠሩ።

ዳቦ ቤቱ የማይጣስ ደንብ ነበረው። የቀኑ ሥራ ሲያበቃ ሊጥ የነካው ዕቃ ሁሉ፣ ጣውላውም ትሪውም መዳመጫውም፣ በትልቁ ገንዳ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። የደረቀ ሊጥ ካልራሰ አይለቅምና። እማማ ቆርኪ ይህን ደንብ አንድ ቀን እንኳ አልዘነጉም። አንባቢም አይዘንጋው፤ ኋላ ይመጣል።

በ1969 ዓ.ም. ከአንድ ፉጨት ወዳድ የአውቶቡስ ሹፌር ጋር ጋብቻ መሥርተው በ1972 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ ስትነቃ እናት ሥራ ላይ ናቸው፤ እናት ሲመለሱ ልጅቱ ትምህርት ቤት ናት። የሰው ልጅ ሁሉ እሳቸው ያቦኩትን ትኩስ ዳቦ ሲበላ፣ የእሳቸው ልጅ የእናቷን ጠረን ትራስ ላይ ትፈልግ ነበር። ይህንን የተናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ እህታቸው ብትሆን አትደፍረውም።

በ1977 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ የዳቦ ቤቱ ምድጃ ጡቡ ተንዶ ሥራ ቆመ። እማማ ቆርኪ እቤት ዋሉ። ሁለት ስኒ ዱቄት፣ አንድ ስኒ ጨው፣ አንድ ስኒ ውሃ ለውሰው የአምስት ዓመት ልጃቸውን እጅ በሊጡ ላይ ተጫኑት። አምስቱም ጣቶች ወጡ። አድርቀው ቀይ ቀለም ቀቡትና በክር ከግድግዳ ሰቀሉት። ማታ ልጅቱ «እማዬ፣ ነገም ምድጃው ይፍረስ» አለች። እሑድ ግን ምድጃው ተጠገነ።

ባለቤታቸውን በ1998 ዓ.ም. ቀበሩ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ያቺ አንድያ ልጃቸው በአጭር ሕመም ሞተች፤ አባቷን የማታውቅ የአራት ዓመት ሕፃንም ተወችላቸው። ሚጢጢ እንላታለን። ሚጢጢ እህል አልቀምስም አለች። አምስት ቀን በውሃና በጥቂት ወተት ብቻ ቆየች። ሐኪሙም «ጉሮሮዋ ደህና ነው፤ የተዘጋው ልቧ ነው» ብሎ ሸኛቸው። ለአርባ ዓመት ስንቱን ሲያበሉ የኖሩ ሴት አንዲት ሕፃን ማጉረስ አቃታቸው። ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጠው ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ሲመቱ እህታቸው በዓይኗ አይታለች።

በስድስተኛው ቀን ግራ ቢገባቸው ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር ለወሱ፤ እጃቸው የሚያውቀው ሌላ ነገር የለማ። ሚጢጢ ከጎን መጥታ ቁንጥር አደረገችና ኤሊ ነው ለማለት የሚያስቸግር ኤሊ ሠራች። ከምድጃ ሲወጣ «የኔ ናት?» ብላ ጠየቀች፤ ከእግሯ ጀምራም በላቻት። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ራሷ ያልሠራችውን አልበላም አለች። ስለዚህ ያ ኩሽና ኩሽናነቱን ተወ።

የሰፈሩም ልጆች ሰሙ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጎርፉ ጀመር። በጣሳ አፍ ብስኩት ይቆርጣሉ፤ ከእንቁላል መያዣ ካርቶን አበባ፣ ከአሮጌ ካልሲ አሻንጉሊት፣ ከሳጥንና ከቆርኪ መኪና ይሠራሉ። እማማ ቆርኪ የተባሉትም መንገድ ላይ ቆርኪ ባዩ ቁጥር ጎንበስ ስለሚሉ ነው። ሁለት ሳህን ነበራቸው። በሰማያዊው የሚበላው ሊጥ፣ በነጩ ጨው የበዛበት የመጫወቻ ሊጥ ይለወሳል። ሚጢጢ በየልደቷ እጇን ግድግዳው ላይ በተሰቀለችው የእናቷ የሊጥ እጅ ላይ ትለካ ነበር። በአምስት ዓመቷ ልክክ አለ። በስድስት ዓመቷ ግን «እናቴን በለጥኳት» ብላ አለቀሰች።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመርሳት ሕመም ያዛቸው። አንድ ቅዳሜ ሳህኖቹን አምታተው የጨውን ሊጥ በብስኩት ቅርጽ ጋግረው አቀረቡ። የመጡት ዘጠኝ ልጆች ተያዩና ሆድ ይፍጀው ብለው ዋጡ። አንዷ ብቻ «እማማ ቆርኪ፣ ውሃ» አለች።

ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት፣ ሥራ ያበቃ መስሏቸው ሊጥ የነካውን ሁሉ ሰብስበው በልብስ ማጠቢያው ገንዳ ዘፈዘፉ። ጣውላውን፣ ትሪውን፣ ጣሳዎቹን፣ ከግድግዳው ላይም ያቺን እጅ። ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃው ቀልቷል። በዚያች ሰዓት ደግሞ፣ ፈጣሪ ምን በድለውት እንደሆነ እንጃ፣ አእምሯቸው ተመለሰላቸው። ጭቃ የሆነውን ሊጥ በጣታቸው እያፈሱ «ሁለተኛ ሞተችብኝ፤ ያሁኑ በእጄ ነው» አሉ። እህታቸው ደርሳ «እትዬ፣ ሊጥ እኮ ነው» ብላቸዋለች። በዚህች ምድር ከተናገረችው ሁሉ የምትጸጸትበት ይህ ነው።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ እህል አልቀምስም አሉ። ለመንናቸው፣ ተቆጣናቸው፣ ሐኪምም መጣ፤ አልሆነም። በአምስተኛው ቀን ሚጢጢ፣ አሁን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ሰማያዊውን ሳህን ጭናቸው ላይ አስቀምጣ እጃቸውን ሊጡ ውስጥ ከተተችው። ትኩር ብለው አዩዋትና በእናቷ ስም ጠሯት። «ምን ልትሠሪ ቀረሽ ደግሞ? ምድጃው ፈረሰ እንዴ?» አሉ።

«አዎ እማዬ፣ ፈርሷል» አለች። «ዛሬም ነገም ሥራ የለም።»

ኤሊ ሠሩ። እግሯንም በሉ። እንዲህ እየሠሩ አሥራ አንድ ቀን ቀመሱ። ከዚያ ጣቶቻቸው ሊጥ መያዝ አቃታቸው፤ ሚጢጢ እጇን በእጃቸው ላይ አድርጋ ብትሞክርም ከንቱ ሆነ። ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ከኋላቸው የቀሩት የልጅ ልጃቸው ሚጢጢ፣ ታናሽ እህታቸውና እጃቸውን ሳይታጠቡ ኩሽናቸው ይገቡ የነበሩ ልጆች ሁሉ ናቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ምድጃው በማይጠገንበት፣ ልጅ ከእናቷ ጋር በምትውልበት ቅዳሜ ያሳርፍልን። ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።

ከሬሳ ሳጥኑ ራስጌ ያለችው ቀይ እጅ የእሳቸው ናት። ሚጢጢ ከገንዳው የተረፈውን ሊጥ አፍሳ፣ ዱቄትና ጨው ጨምራ፣ ምድጃው ፈረሰ ባለቻቸው ቀን ያስቀረቻት ናት። የምትሰናበቱ ሁሉ እጃችሁን ብትለኩባት ፈቃዷ ነው። ሊጥ ናትና በእንባ የራሰ እጅ ግን እንዳይነካት አደራ ትላለች።