ከቀኝ የሚከፈተው ካርቱን

ለተወደድከው ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ በላይነህ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ሱቅህ ከተቃጠለ ወዲህ ያስቸግርህ የነበረው ሳል ለቀቀህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? አብሮህ የሚኖረው የአጎታችን ልጅ ፍሬአብስ ደኅና ነው? እዚያ ደቡብ አፍሪካ ሙቀቱ ጀምሯል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ከሆነ ለደረትህ ደግ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬን ጉልበቷ በዝናቡ ጊዜ ቢያማትም ገበያ መውጣቷን አልተወችም። ታናሻችን ሕዝቅያስ ቴፒ ካምፓስ ሁለተኛ ዓመቱን ጀምሯል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ የቆሸሸ ልብሱንና ረኃቡን ይዞ ይመጣል። እኔም አማን ማስተማሬን ቀጥያለሁ። ቡናው ቀልቶ ለቀማ ስለተጀመረ ተማሪዎቼ ግማሾቹ ከክፍል ጠፍተዋል።

ስልክ ስትደውል መስመሩም አንተም ስለምትቸኩሉ ደብዳቤ መጻፍ መርጫለሁ። ባለፈው ለእማዬ «ሱቁን መልሼ ሳላቆም ባዶ እጄን አገሬ አልገባም» ያልካት ቃል ከቤታችን አልወጣም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ምስር ለቀማዋን ቀጠለች፤ ነገር ግን የለቀመችውን መልሳ ስትለቅም አየኋት። የምጽፍልህ ስለዚሁ ነው። መንገዴ በካርቱኖቻችን በኩል ስለሆነ ግን እንድትታገሠኝ እለምንሃለሁ።

በልጅነታችን «ካርቱን» እያልን የሰበሰብናቸው አሮጌ የኮሚክ መጽሔቶች አንተ ከሄድክ ወዲህ በዝተዋል። ከቴፒ ገበያ፣ የመጠቅለያ ወረቀት ከጅማ ከሚያስመጡ ሱቆች፣ ቤታቸውን ከሚያጸዱ ጡረተኛ መምህራን እየለመንኩ አምጥቻለሁ። ብዙዎቹ ሆድ የላቸውም፤ የውስጡ ወረቀት ስስ ስለሆነ ስኳርና በርበሬ ተጠቅልሎበት አልቋል፤ ወፍራሙ ሽፋን ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ የምለያቸው በርዕሳቸው ሳይሆን ሽፋናቸው ላይ በተሣለው ነገር ነው፤ ጭምብል ያጠለቁትን ለብቻ፣ መርከብና ባሕሩን ለብቻ፣ አውሬውን ለብቻ፣ ከፎቅ የሚወድቁትን ሴቶች ለብቻ። ከሁሉ የበዙት የሚወድቁት ሴቶች ናቸው፤ በዚያ አገር ደረጃ የሚባል ነገር ያልተሠራ ይመስላል።

ሽፋን አዘውትሮ የሚያይ ሰው ሽፋን የራሱ ሕግ እንዳለው ይረዳል። ጀግናው ሁልጊዜ ከሕንጻው ይበልጣል፤ የክፉው ሰው ፊት ከታች በኩል ይበራል፤ ሊፈነዳ ያለው ነገር ገና አልፈነዳም። ሽፋን የሚጮኸው ገዢ ለመጥራት ነው። ውስጥ የሌለውን ነገር ሽፋን ላይ የሚሥሉትን ሠዓሊዎች እንደ አታላይ ብቆጥራቸውም ቀለማቸውን ግን አልጠላም። በተለይ ቀዩ ዕድሜ ሲጠግብ ዛፉ ላይ የቆየ የቡና ፍሬ ዓይነት መልክ ይይዛል።

ይህን ሕግ የማያከብር አንድ ብቻ ነበረኝ። እሱም ስኳር እንድትገዛ ወደ ጋሼ ሙሐመድኑር ሱቅ ተልከህ ከመጠቅለያው ክምር መዘህ ያመጣኸው፣ «ባለ ቀይ ጥምጣሙ» ያልነው የዐረብኛ መጽሔት ነው። ሽፋኑ ላይ አንዲት እናት ሰማያዊ በር ፊት ለፊት እጇን አንሥታ ቆማለች፤ ሌላ ምንም የለም። ይህን ሠዓሊ ለተማሪዎቼ «ትሑት ሠዓሊ» እያልኩ አመሰግነው ነበር። ጽሑፉን ማንበብ ስለማንችል አንተ ከሥዕሉ ትተርክልኝ ነበር። ቀይ ጥምጣም የጠመጠመው ልጅ ከእናቱ በር በባዶ እግሩ ይወጣል፤ መንገድ ላይ አንድ እስረኛ ቀለበት ይሰጠዋል፤ ማዕበል ሲነሣ ደግሞ ባሕሩ ራሱ ሣጥን በሣጥን ላይ ወደ መርከቡ ይወረውርለታል። ባሕር ለምን ሣጥን እንደሚሰጥ ስጠይቅህ ባሕር ለጎበዝ እንደሚሰጥ ነግረኸኝ ገጹን ገለጥክ። በመጨረሻ ሐር ለብሶ፣ መርከቡን እስከ አፉ ጭኖ፣ በሰፊው ውኃ ላይ ይሄዳል። መጽሔቱን ስትዘጋ «ሰው ማለት እንዲህ ነው» ትል ነበር።

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ፋታ ሲሰጠን፣ ሻጋታ እንዳይበላቸው ካርቱኖቹን ደጅ ሰሌን ላይ አስጥቻቸው ነበር። የጋሼ ሙሐመድኑር ልጅ ማርዋ፣ አሁን አማን ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ጓደኛዬ፣ ልትጠይቀኝ መጥታ ባለ ቀይ ጥምጣሙን አነሣችና ገልብጣ ከኋላው ከፈተችው። እኔም በመምህርነቴ፣ ገልብጣ እንደያዘችው በትሕትና አስረዳኋት። መጀመሪያ የምቀልድ መሰላት። ቀጥላ፣ «የኔ እመቤት፣ ዐረብኛ እኮ ነው! ከቀኝ ነው የሚጀምረው» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችብኝ። ዐረብኛ ከቀኝ እንደሚነበብ አላውቅም ነበር አልልህም። ያን መጽሔት ግን ያወቅሁት ፊደል ሳልቆጥር፣ ያንተን ጣት እየተከተልኩ ነው፤ ልጠራጠረው አልመጣልኝም።

ማርዋ መድረሳ የተማረችው ዐረብኛ አልጠፋትምና ቁጭ ብላ በትክክለኛው ተራ አነበበችልኝ። ለካ ሽፋኑ ያ የተጫነው መርከብ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የሚጮኸው። የእናትየዋ በር የመጨረሻው ሥዕል ነው። ሰውየው ሐር ለብሶ፣ ሀብቱን ጭኖ ይነሣል። ማዕበሉ ሣጥኖቹን ይነጥቀዋል፤ ባሕሩ አንድም ነገር ሰጥቶት አያውቅም። ቀለበቱን አውልቆ እስረኛውን ያስፈታበታል። ጫማው ምድረ በዳ ላይ ያልቃል። በመጨረሻ በባዶ እግሩና በባዶ እጁ ሰማያዊው በር ላይ ይደርሳል። እጇን ያነሣችው ልትሰናበተው መስሎን ነበር። ከአፏ አጠገብ የተጻፈው ግን «እግርህን ታጠብና ግባ» የሚል ነው። ምን ይዘህ መጣህ የሚል ቃል ይኖር እንደሆነ ብዬ ማርዋን ደግማ እንድታነበው አደረግኋት። የለም።

ለእማዬ ሥዕሎቹን በተራ ሳሳያት ዓይኗን አጥብባ ሰውየው ሲነሣ እንዲህ እንዳልከሳ ብቻ ተናገረች። ሕዝቅያስ ደግሞ ያለፈው ዓመት ውጤቱም ከቀኝ ሲነበብ ጥሩ ሊሆን እንደሚችል አስረድቶናል።

ወንድም ጋሼ፣ ካርቱን ሕግ አይደለም ትለኝ ይሆናል፤ ልክ ነህ። አንተም የሄድከው በካርቱን ምክንያት ነው አልልም። ነገር ግን ሰው ሳይሞላለት ለወገኑ መታየት የለበትም የሚለውን ነገር ከየት እንዳመጣነው ሳስብ፣ አንዱ ምንጭ ያ መርከብ መሆኑን አልጠራጠርም። እኔም እንዳንተው አምኜው ነበር። መጨረሻ ያልነው መጀመሪያ ከሆነ ግን፣ በእሱ ላይ የሠራነውን ሐሳብ እንደገና ማየት ግዴታችን ይመስለኛል።

ልስብህ ብዬ ሐሰት አልጽፍልህም። ቤታችን ሞልቶ አልተረፈም፤ የኩሽናው ጣሪያ ያፈሳል። ከጎረቤትም ፊትህን ሳያዩ እጅህን የሚያዩ አይጠፉም። ሱቁ የላብህ ፍሬ ነበርና ማዘንህንም አላቃልልም። ተመልሰህ እዚያው መጀመር ካለብህ ትጀምራለህ፤ የሚከለክልህ የለም። መጀመሪያ ግን ና። ለጥምቀት ና። ስታስነጥስ ከጓዳ ሆና «ይማርህ» የምትልህ እናት ሳለችህ፣ ሐዘንህን ባዕድ አገር ብቻህን ተሸክመህ መቀመጥህን ትክክል ነው ብዬ ልቀበል አልችልም።

ፍሬአብን በጉንጩ ሳምልኝ፤ ወላጆቹ ሸኮ ላይ ቡና ለቀማ ላይ ናቸው፤ ደኅና ናቸው። ጋሼ ሙሐመድኑር ሱቅህ መቃጠሉን ከሰሙ ጀምሮ ሳይጠይቁኝ አሳልፈውኝ አያውቁም፤ በዱዓቸው አልረሱህም። ማርዋ ሰላም ብላሃለች፤ የባሕሩን ነገር ስነግራት እንደገና ስቃለች። ሕዝቅያስ ጃኬትህን እየለበሰው መሆኑን እንዳልጽፍብህ ለምኖኝ ነበር፤ ሰላምታው ይድረስህ። እማዬን ምን ብዬ ሰላምታሽን ልጻፍልሽ ስላት፣ ከያዘችው ሥራ ቀና ሳትል፣ «ሻንጣ ነው እንዴ የወለድኩት? በይልኝ» አለች። እንዳለችው ጽፌዋለሁ።

እኅትህ ህሊና
ሚዛን አማን፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.