የእስስቷ ቀለም

ለምወድሽ እህቴ ለየብርጓል፦ የሐዋሳ ፀሐይ ካላቀለጠችሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ወንድምሽ እንዳላማው የሉማሜን ከተማ እያስቸገርሁ አለሁ። ኔትወርክ ስለጠፋ በወረቀት ቻይኝ።

ትተሻት የሄድሽው የእስስት ግልገል መቼ የትልቅ ቀለሟን ታወጣለች ብለሽኝ ነበር። ይኸው ስድስት ወር ሊሞላት ነው። አመድ መስላ ከርማ ሰሞኑን አረንጓዴ ሆነች፤ ጎኗ ላይም ቢጫ መስመር አወጣች። የአባባ ዓይን ግን ከእሷ ቀድሞ ቢጫ ሆኗል። «አባባ፣ ከእስስቷ ጋር ይፎካከራሉ እንዴ?» ብላቸው ፈገግ አሉ።

እሑድ ለተንኮል ጋቢያቸው ላይ አስቀመጥኋት። ድሮ እስስት ሲያዩ ከዘራ አንሥተው እስከ አስፋልቱ ያሳድዱኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። አሁን ግን «ተዋት ልጄ፣ ፀሐይ ትሙቅ» አሉኝ። እጃቸውንም አላነሡም። ቀልዱ እኔኑ አላሳቀኝም።

እማዬ «ሰው አገር ላለ ልጅ ክፉ አይጻፍም፣ ሁሉም ደህና ነው በላት» ብላኛለች። ስለዚህ ሁሉም ደህና ነው። የንስሐ አባታችንም በየቀኑ እየመጡ ይጠይቁናል።

ለፋሲካ እመጣለሁ ያልሽውን ተይና በዚሁ ሳምንት ነይ። የእስስቷ ቀለም እንዳያመልጥሽ ብዬ ነው።

ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ሻንጣሽን የምታነሺ ያድርግሽ።

ተንኮለኛው ወንድምሽ