አንድሮሜዳን ማን ጠየቃት?

እሁድ፣ አመሻሽ

ጉልበቴ እንደገና አብጧል። በረዶ አስሬበት ነው የምጽፍልሽ ደብተሬ። ዛሬ ያቭኔ ከተማ የቲያትር ልምምድ ነበር። መውደቅ፣ መንከባለል፣ መነሣት። እንደገና መውደቅ። ጧት በምሠራበት ሕፃናት ማዋያ ውስጥ የሰው ልጅ ሳነሣ ሳስቀምጥ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ራሴን አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ።

ወሬው ግን ይኼ አይደለም። አዘጋጃችን ኖዓ የትወና ክፍል አደለች። አዲሱ ሥራችን ከጥንት ግሪኮች ተረት ነው። እንደ ሁልጊዜው ቃል የለውም፤ የምንናገረው በሰውነታችን ብቻ ነው።

ተረቱ እንዲህ ነው ደብተሬ። የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ነበረች፣ አንድሮሜዳ የምትባል። (አዎ፣ የኢትዮጵያ! ግሪኮቹ ናቸው ያሉት፣ እኔ አይደለሁም።) እናቷ ንግሥቲቱ ልጄ ከባሕር ልጃገረዶች ሁሉ ታምራለች ብላ ተኩራራች። ባሕር ተቆጣ። አውሬ ላከ። አባትየው አገሩን ላድን ብሎ ልጁን ዓለት ላይ አሳሰራት። ዓለቱ የት ነው? ያፎ። እዚሁ፣ ወደቡ ፊት ለፊት። ስንት ጊዜ አይቼው አልፌያለሁ! ከዚያ አንድ ጀግና በአየር እየበረረ ሲያልፍ ያያታል፣ ይወዳታል፣ አውሬውን ይገድላል፣ ያገባታል። አለቀ።

አንድሮሜዳ እኔ ነኝ። ካንቺ ሌላ ማን ይሆናል አለች ኖዓ። ልቤ ዘለለ፣ አልዋሽሽም። እስከ ዛሬ ዛፍ ነበርኩ። ማዕበል ነበርኩ። ከበስተኋላ የሚሮጥ ሕዝብ ነበርኩ።

ቀጥሎ ሥራዬን አሳየችኝ። ዓለት የተባለ ከፍ ያለ ሳጥን ላይ እወጣለሁ። በገመድ እታሰራለሁ። ጀግናው ዮአቭ ነው፤ ይበርራል፣ ይገለባበጣል፣ ይዋጋል። እኔ እተነፍሳለሁ። ሥራዬ እሱ ነው፣ መተንፈስ። ዝምታሽ ኃይል አለው አለችኝ።

ቤሰደር አልኩ፣ በዕብራይስጥ እሺ ማለት።

ከአውቶቡስ እስክወርድ ድረስ ያቺን ቤሰደር ለራሴ ስደጋግማት ነበር።


ማክሰኞ፣ ከ/ሰዓት

ቤት። ሊፍቱ ተበላሽቷል። እማዬ በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣለች፣ እኔ መቆንጠጫ አቀብላለሁ። ምን እየሠራችሁ ነው ትላለች። ብዙ ጊዜ አትጠይቅም። ቲያትሩን አትወደውም። ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ስንት ዘመኗ የሆነ ሴት መሬት ላይ ስትንከባለል፣ ለእሷ እብደት ነው።

ተረቱን ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችም። የኢትዮጵያ? የትኛው ንጉሥ? የጎንደር? ከጎንደርም በፊት ነው አልኳት። ማን አሰራት? አባቷ። እሷስ ምን አለች? ምንም።

"ዲዳ ናት?" አለች እማዬ።

አይደለችም፣ ተረቱ ላይ አትናገርም እንጂ።

እናትየው ላይ ወዲያው ፈረደችባት። ልጅን ሰው ፊት ማሞገስ ለዓይን አሳልፎ መስጠት ነው። እማዬ አንድ ቀን ቆንጆ ነሽ ብላኝ አታውቅም። ልጅ ሆኜ ሰው ሲያደንቀኝ ቀሚሷ ሥር ትደብቀኝ ነበር። አፏን ብትይዝ ይሻላት ነበር አለች። አንሶላውን አራገፈች፣ ሰቀለች። ከዚያ ዞር ብላ፣ "ግን አንች፣ ለእናት አፍ ልጅ ይታሰራል? የተናገረችው እሷ፣ የምትታሰረው ልጅ!"

ተቆጣች። የምሯን። ለማታውቃት ልጅ።


ሐሙስ

ያቭኔ። ዛሬ እውነተኛ ገመድ። ክንዶቼ ወደ ጎን ተዘርግተው፣ ወገቤ ተጠምጥሞ። ከበሮው ይመታል። ዮአቭ ይበርራል። እተነፍሳለሁ። እተነፍሳለሁ።

ድንገት ትከሻዬ።

እኔ አላዘዝኩትም። እጅ ታስሯል፣ ወገብ ታስሯል፤ ትከሻን ግን ማን ያስረዋል? እስክስታው ከውስጥ መጣ፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በኃይል። ሳጥኑ ተንቀጠቀጠ። ባንቺ (የገዴራ ከተማዋ ጓደኛዬ፣ ባሕሩን የምትሠራው) መሬት ላይ እንደተኛች በትከሻዋ መለሰችልኝ። ዓለትና ባሕር ተቀባበልን። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ!

ኖዓ አጨበጨበች። አቁሙ ማለቷ ነው። በጣም ያምራል፣ ግን እዚህ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ሠርጉ ውስጥ እናስገባዋለን። እዚህ ቦታ ተመልካቹ ሊያዝንልሽ ይገባል፤ እየጨፈርሽ ማን ያዝንልሻል?

ዮአቭም ግራ ገባው። ደግ ልጅ ነው፣ የጎረቤት ከተማ የጋን ያቭኔ ልጅ፣ ከልምምድ በኋላ አንዳንዴ በመኪናው የሚሸኘን። እሷ እንዲህ ከሆነች እኔ ምኗን ነው የማድናት አለ። ሁሉም ሳቁ። ቀልዱን ነው። ግን እውነቱን ተናገረ።

እስክስታዬ ለሠርግ ይፈለጋል። ለጌጥ። ታስሬ ሳለሁ ግን እንዲታዘንልኝ ብቻ። ደሜ ፈላ። ዛሬ ቤሰደር አላልኩም። ምንም አላልኩም። ይኼም ያው ነው።


ቅዳሜ፣ ሰንበት እንደወጣ

እማዬ ራሷ አነሣችው። ያች ልጅ ከተፈታች በኋላስ? አገባችው አልኳት። ሰውየው ከመዋጋቱ በፊት ከአባቷ ጋር ተስማምቷል፤ ካዳንኳት ትሰጠኛለህ ብሎ። እሷ እዚያው ታስራ።

እማዬ ተነሣች። ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ከዚያ ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችኝ።

ወደዚህ አገር ለመምጣት በእግር ወደ ሱዳን ሲወርዱ እናቷ ታመመች። መራመድ አቃታት። ከሌላ መንደር የመጣ አንድ ጎልማሳ አዘላት። ሳይሰለች፣ እስከ ድንበሩ። ሰው ሁሉ መረቀው። እንደተሻገሩ አባቷ እማዬን ጠራና ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ሰው ይህ ነው አላት። ያ ጎልማሳ አባቴ ነው።

አባቴ! ነፍሱን ይማርና፣ ከፋብሪካ ሌሊት ፈረቃ ገብቶ ሳይተኛ ትምህርት ቤት የሚያደርሰን አባቴ።

"ደግ ሰው ነበር" አለች። "በደግ ኖርን፣ አላማርርም። ግን ልጀ፣ የጠየቀኝ የለም። አባቴም አልጠየቀኝ፣ እሱም አልጠየቀኝ። አንዲት ቃል እኮ ናት። እሽ እል ነበር።" ደገመችው። "እሽ እል ነበር።"

እጇን ያዝኩ። ወዲያው ነጠቀችኝ። እንዲህ ያለ ነገር አትወድም። ተነሥታ የታጠፈ ልብስ እንደገና ታጥፍ ጀመር።

አባቴን አሁንም እወደዋለሁ። በእሱም ተናድጃለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናል ለካ።


ሰኞ

ለኖዓ ነገርኳት። የእማዬን አይደለም፤ የእማዬ የእማዬ ነው። ስለ ልዕልቲቱ። ሠርጉ ይቅር፣ ካልቀረም መጀመሪያ ይጠይቃት አልኩ። ሰማችኝ፣ እስከ መጨረሻው። ተረቱ ተረት ነው አለች፤ ሁሉን ከለወጥነው የግሪክ መሆኑ ይቀራል። ለዛሬ ሰው ነው የምንሠራው ብለሽን አልነበር? አዎ አለች፣ ልብሱ የዛሬ ነው፣ ሙዚቃው የዛሬ ነው።

ልጅቱስ?

ሰዓቷን አየች። ረቡዕ ገዴራ የመጀመሪያው ትርዒታችን ነው፣ አሁን የሚለወጥ ነገር የለም አለች። ያላ፣ በሉ፣ ወደ ቦታችን።

ሄድኩ። ታሰርኩ።


ሐሙስ፣ ጧት

ትናንት ገዴራ። በተራ ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቷል። ግማሹ የእኛ ሰው፤ ባንቺ ሰፈሩን በሙሉ ጠርታለች። እማዬ ከፊት፣ ከጎረቤታችን ከእትዬ ታክሉ ጋር። መጣች! አልመጣም ብላ ነበር።

እስከ ውጊያው እንደታዘዝኩት ሆንኩ። ትከሻዬን ያዝኩት። አውሬው ወደቀ። ዮአቭ ክንዶቼን ፈታ። ሙዚቃው ወደ ሠርግ ዞረ። እጁን ዘረጋ። እኔ ልይዘው ነው።

አልያዝኩትም።

አስቤበት አይደለም፣ እመኚኝ። እጄ እምቢ አለ። ሳጥኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ዮአቭ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ሙዚቃው ይመታል። ኖዓ ከመጋረጃው ጥግ በእጇ ተነሺ፣ ተነሺ ትላለች። ፈራሁ። መነሣትም አቃተኝ።

ያኔ ከፊት፦

"ጠይቃት እንጅ!"

እማዬ ናት። ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ እማዬ! ዮአቭ አማርኛ አይሰማም። እኔን አየ፣ እሷን አየ። እትዬ ታክሉ ተቀበለቻት፣ "እውነቷን ነው፣ ይጠይቃት!" ሳቅ ሆነ። ከኋላ የወታደር ልብስ የለበሰች አንዲት ልጅ በዕብራይስጥ ጮኸችለት። ገባው።

ደግ ልጅ ነው ብዬሻለሁ። ሰይፉን መሬት አስቀመጠ። ወደ ኋላ ሄደ፣ ራቅ ብሎ ተንበረከከ፣ ሁለት መዳፉን ከፍቶ አሳየኝ። ጠየቀ።

ተነሣሁ። ልዕልቲቱ ምን እንደምትለው አላውቅም። ለምን ወዲያው ታውቅ? ገና አሁን ነው የተፈታችው። ስለዚህ አልመለስኩለትም። ጨፈርኩ። ለእሱም አይደለም፣ ለሠርግም አይደለም፤ የወገቤ ገመድ መሬት እየተጎተተ። ባንቺ ከሥሬ እንደ ማዕበል ተነሣች። እልልታ። መብራቱ ጠፋ።

እማዬ ውጭ ጠበቀችኝ። ላብሽን ብርድ ሳይመታው ልበሽ ብላ ሹራቧን ሰጠችኝ። መኪና ውስጥ ግን የተኛሁ መስሏት ለእትዬ ታክሉ ሹክ ስትላት ሰማሁ፦ "የማን ልጅ መሰለችሽ!"


እሁድ

ያቭኔ። ኖዓ ብቻዬን አነጋገረችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሰው ወድዶታል አለች፣ ነገሩ እሱ አይደለም፤ ከከፍታ ስትወድቂ የሚይዝሽ ሰው ቀጥሎ ምን እንደምታደርጊ ማወቅ አለበት። እውነቷን ነው። በዚህ እውነቷን ነው። ሳልነግራቸው ማድረጌን ይቅርታ ጠየቅኩ።

የያቭኔው ትርዒት ግን እንደ ጥንቱ ይሆናል አለች። እጁን ትይዣለሽ፣ ትጋቢያለሽ፣ ሠርጉ ላይ ትጨፍሪያለሽ። ካልሆነ ሌላ ልጅ አለማምዳለሁ።

ቤሰደር ማለት እንዴት ቀላል ነበር! አፌ ላይ ደርሳ ነበር።

"አልይዝም" አልኳት። "ዛሬ ነግሬሻለሁ፣ አሁን ድንገት አይደለም።"

የጉልበት መከላከያዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ፌርማታው ላይ አለቀስኩ። ያንን አዳራሽ እወደው ነበር፣ ወለሉን፣ የእንጨቱን ሽታ። ኖዓንም። መሬት ላይ መውደቅ ውርደት አለመሆኑን ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ባንቺ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ደረሰችብኝ። እኔም ወጣሁ አለች። ለምን? ባሕሩ ብቻውን ምን ይሠራል አለችኝ። እያለቀስኩ ሳቅኩ። ዮአቭ ይቀራል። በስልክ ጻፈልኝ፤ አዝናለሁ፣ ግን የጀግናው ክፍል ያስፈልገኛል ብሎ። አልፈርድበትም። ጠይቆኛል።


ማክሰኞ፣ ጧት፣ ከሥራ በፊት

ወሰንኩ።

ከሕንፃችን ሥር ሚክላቱ አለ፣ የቦምብ መጠለያው። በሰላሙ ቀን የተሰበረ ብስክሌትና የቆየ ፍራሽ ይተኛበታል። ቁልፉ ያለው የሕንፃው ተጠሪ ጋ ነው፤ ትናንት ለመንኩት። አጽዱት እንጂ የእናንተ ነው አለ፤ ሲረን ሲጮህ ግን ሁሉም ይገባበታል፣ ጭፈራ ላይ ነን ማለት የለም። ተስማማን።

እማዬን ንግሥቲቱን ሥሪልኝ አልኳት። አበድሽ እንዴ አለች። አንዴ ጮህኩ፣ ይበቃኛል። ፍራሾቹን ለማውጣት ግን መጥረጊያ ይዛ ቀድማኝ ወርዳለች።

ዛሬ አመሻሽ እንጀምራለን፣ እኔና ባንቺ። ከየት እንደምንጀምርም አውቄያለሁ። ከገመዱ አይደለም። ከአውሬውም፣ ከጀግናውም አይደለም። ሊያስሯት ከመምጣታቸው በፊት፣ በዚያው ቀን ጧት። ልጅቱ ምን ትሠራ ነበር? ፈለግኩ፣ የትም አላገኘሁትም። ተረቱን ለነገሩት ሰዎች አልታያቸውም። እንግዲያው እኛ እንነግራቸዋለን።

እኔ የሚታየኝ ስትሮጥ ነው። የላካት የለም፣ የሚያባርራት የለም። ደስ ስላላት ብቻ። ሚክላቱ ጠባብ ነው ደብተሬ፤ ገና ሩጫ ሳልጀምር ግድግዳው ይመጣል። ይምጣ። ግድግዳው ጋ ስደርስ ዞሬ እሮጣለሁ።